«አትንኩ፣ ትከሰሳላችሁ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ምክር ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሄሮይንና ፌንታኒልን የመሰለ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ (በኦፒዮይድ ኦቨርዶዝ) ራሱን የሳተ ሰው በታክሲያችሁ፣ በምትጠብቁት ፓርኪንግ ወይም በሱቃችሁ መጸዳጃ ቤት ብታገኙ፣ የኦቨርዶዝ ማርከሻ የሆነው ናርካን በእጃችሁ ቢኖርም አትስጡት፤ ትከሰሳላችሁ፣ ትታሰራላችሁ፣ ወረቀታችሁም ይበላሻል። ጸሐፊው ለወገናቸው ተጨንቀው እንደጻፉት ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ችግሩ ሦስት ለየቅል የሆኑ ጉዳዮችን በአንድ ቋጠሮ ማሰራቸው ነው። መድኃኒቱን በሰጠ ሰው ላይ የሚቀርብ የካሳ ክስ አንድ ነገር ነው። መድኃኒቱን መያዝና መስጠት በራሱ ወንጀል ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በቦታው በተገኘ ዕፅ ምክንያት የሚመጣ እስር ደግሞ ሦስተኛ። ለእያንዳንዱ ሕጉ የየራሱ መልስ አለው። ስለዚህ ያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እንከተላለን፤ ልክ የሆኑበትንም ቦታ አንዘልም። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሐኪም ሳይሆኑ መድኃኒት መስጠት ያለ ፈቃድ ማከም ነው።»

ይህ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ቢጻፍ ግማሽ እውነት ይሆን ነበር። ናርካን የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ናሎክሶን ይባላል። በአሜሪካ የተፈቀደው በ1971 ሲሆን ለረጅም ዘመን የሚገኘው በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነበር። ማዘዣ ደግሞ የሚጻፈው በታማሚው ስም ነው። ኦቨርዶዝ ያደረገ ሰው ግን ለራሱ ሊደርስ አይችልም፤ የሚደርስለት ጓደኛ፣ እናት ወይም መንገደኛ ነው፤ ያንን ሦስተኛ ሰው ሕጉ አያውቀውም ነበር። ክፍተቱን ቀድማ የደፈነችው ኒው ሜክሲኮ ናት፣ በ2001። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ዛሬ ሁሉም ክፍለ ግዛቶችና ዲሲ ናሎክሶንን ለተራው ሰው የሚከፍት ሕግ አላቸው።

በማርች 29 ቀን 2023 ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍዲኤ፣ 4 ሚሊ ግራም የሚረጨው የአፍንጫ ናርካን ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ሁለት መርጫ የያዘው እሽግ ዋጋ ያን ጊዜ 45 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብዙ የጤና ቢሮዎች በነፃም ያድላሉ። አሁን ናርካን ለጎረቤት መስጠት ከፈቃድ አንፃር ለራስ ምታት ታይሌኖል ከማቀበል የሚለይ አይደለም። እንዲያውም የአሜሪካ የጤና ዋና ኃላፊ የነበሩት ጄሮም አዳምስ በኤፕሪል 2018 ባወጡት ማሳሰቢያ ተራው ሕዝብ መድኃኒቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ጠይቀዋል። የዲሲ ሕግ ቁጥር 7-403 በበኩሉ መድኃኒቱን መያዝም ሆነ መስጠት ወንጀል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል።

«ሰውየው ቢሞት ወይም ቢጎዳ ቤተሰቡ በሚሊዮን ዶላር ይከስሳችኋል።»

ይህ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው፤ እኛም እዚህ ላይ እንቆያለን።

በዲሲ፣ በዚያው በ7-403 መሠረት፣ መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ከባድ ቸልተኝነት እስካልፈጸመ ድረስ በካሳ አይጠየቅም። የሚጠበቅበት ሦስት ነገር ነው፦ ሰውየው ኦቨርዶዝ አድርጓል ብሎ በምክንያት አምኖ በቅን ልቦና መስጠት፤ ከሆስፒታልና ከሐኪም ቢሮ ውጭ መስጠት፤ ለእርዳታው ክፍያ አለመጠበቅ። የቨርጂኒያው 8.01-225 ናሎክሶንን በስም ጠቅሶ ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው የሚቀረው ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ሲኖር ነው። የሜሪላንድ የጤና ሕግም መድኃኒቱን የሚሰጠውን ሰው ድንገተኛ እርዳታ ለሚሰጡ ሰዎች በተደነገገው ያለመጠየቅ መብት ሥር ያስገባዋል።

«በምክንያት አምኖ» የሚለውን ልብ በሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ትክክል እንድትሆኑ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ያያችሁት ነገር እንደዚያ የሚያሳስብ እንዲሆን ነው። ሰውየው ኋላ የስኳር በሽተኛ ሆኖ ቢገኝ እምነታችሁ በምክንያት የተያዘ ከነበረ ጥበቃው አይፈርስም።

ከባድ ቸልተኝነት ሲባል ደግሞ ተራ ስሕተት ማለት አይደለም። መርጫውን «ይሠራ እንደሆነ» ብሎ አየር ላይ ሞክሮ ማባከን፣ ሁለቱንም በአንድ አፍንጫ መርጨት፣ ሁለተኛውን ከጊዜው አስቀድሞ መስጠት፣ በድንጋጤ መርጫውን መጣል፦ እነዚህ ሁሉ ልምድ የሌለው ሰው የሚሠራቸው ስሕተቶች ናቸው፤ ሕጉ የወጣውም ለእነሱ ነው። ከባዱ ቸልተኝነት አደጋውን እያዩ ደንታ ማጣት ነው። ነቅቶ የሚያወራና «አልፈልግም» የሚልን ሰው ለቀልድ አስይዞ መርጨት፣ ወይም ራሱን የሳተውን ሰው ጎትቶ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ወደዚያ ይጠጋል።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እንተውላቸው፦ ጥበቃው ማንም የክስ ወረቀት እንዳያስገባ አያግድም። በአሜሪካ ወረቀት ማስገባት ማንንም አይከለክልም። ሕጉ የሚያደርገው ተከሳሹን መከላከያ ማስታጠቅ ነው፤ በዲሲና በቨርጂኒያ ከሳሽ ተራ ስሕተትን ሳይሆን ከባድ ቸልተኝነትን ማሳየት ይጠበቅበታል። «ይከስሳችኋል» እና «ይረታችኋል» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ጽሑፉ አንደኛውን ተናግሮ ሁለተኛውን ያስፈራራናል።

«ኡበርና ታክሲ የሚነዳ ሰው ተከፋይ ስለሆነ ጥበቃ የለውም።»

ብልህ ነጥብ ነው፤ ሕጉን ያነበበ ሰው ነጥብ ነው። ግን የንባቡ ግማሽ ቀርቷል። የሚከለከለው ለእርዳታው ለራሱ ክፍያ መጠበቅ ነው። ተሳፋሪው የከፈለው ከዚህ እዚያ ለመድረስ ነው፤ ናርካን የታሪፉ አካል አይደለም። የፓርኪንግ ሠራተኛውም ደመወዝ የሚከፈለው መኪና ለማቆም ነው። የተለየ መልስ ሊኖር የሚችለው ሕክምና መስጠት ሥራቸው ለሆነ ሰዎች ነው፤ ለእነሱ ሌሎች አንቀጾች አሉ። (እንዲህ ያሉት ሕጎች «የደጉ ሳምራዊ ሕጎች» ይባላሉ፤ ስማቸውን የወረሱት ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ ወንጌል ዘይትና ወይን ያፈሰሰው ያለ ፈቃድ ነበር፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂም ሁለት ዲናር የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው። በዲሲ ሕግ መስፈርቱን ያሟላል።)

«አሠሪያችሁ ያባርራችኋል።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ስጋት እውነተኛ ነው። እነዚህ ሕጎች ከካሳና ከወንጀል ክስ እንጂ ከሥራ መባረር አይከላከሉም። አንዳንድ ድርጅት ሠራተኛው ደንበኛን እንዳይነካ የሚል መመሪያ አለው። መፍትሔው ግን ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ አይደለም። ዛሬውኑ ሱፐርቫይዘሩን «ናሎክሶን መስጠት ይፈቀድልናል?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ነው። የልብ ማስነሻው ኤኢዲ ወይም የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ በተሰቀለበት ቦታ አንድ እሽግ እንዲቀመጥ ማሳሰብም ይቻላል። የሱቁ ባለቤት ራሳችሁ ከሆናችሁ ጥያቄውም መልሱም የእናንተ ነው።

«ሰውየው የወደቀው በልብ ድካም ከሆነ መድኃኒቱ ይገድለዋል፤ እናንተም ነፍሰ ገዳይ ትሆናላችሁ።»

አይገድለውም። ኦፒዮይድ የሚባሉት ሄሮይን፣ ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና መሰሎቻቸው አእምሮ ውስጥ አንድ ዓይነት መቀመጫ አላቸው፤ እዚያ ሲቀመጡ የመተንፈስን ትእዛዝ ያዳክማሉ። ናሎክሶን መቀመጫውን ይነጥቃቸዋል። ሥራው ይኸው ነው። ኦፒዮይድ በሌለበት አካል ውስጥ የሚነጥቀው ስለሌለ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ናርካን ለሕፃናትም ለአዋቂዎችም የተፈቀደ ነው። የልብ ድካም፣ ስትሮክ ወይም የስኳር ማነስ የጣለውን ሰው አያድነውም፤ አይጎዳውምም። ጉዳት የሚመጣው «ሰጥቼዋለሁ» ብሎ 911 ሳይደውሉ ከተቀመጡ ነው።

በተቃራኒው ዛይላዚን የሚባለው የእንስሳት ማደንዘዣ ወይም የእንቅልፍ ክኒኖች ከፌንታኒል ጋር ተቀላቅለው ሲገኙ ናሎክሶን የሚመልሰው የፌንታኒሉን ድርሻ ብቻ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ግን ሳይነቃ ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ ሦስተኛና አራተኛ መርጨት ትርጉም የለውም፤ ግባችን መተንፈሱ እንጂ ዓይኑን መግለጡ አይደለም።

«ፌንታኒል የነካው ሰውነት በንክኪ ብቻ ይመርዛል።»

በ2017 የአሜሪካ ሁለቱ የመርዝ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት አቋም፣ በቆዳ ላይ ድንገት የነካ ዱቄት ሰውን በዚህ መንገድ መጣሉ እጅግ የማይመስል መሆኑን ጽፈዋል። በሥራ ቦታ ከተለካው ከፍተኛ የአየር ብክለት ውስጥ እንኳ ያለ መከላከያ የቆመ ሰው 100 ማይክሮ ግራም ለመሳብ 200 ደቂቃ ይፈጅበታል ብለዋል። ጓንት ካለ አጥልቁ። እጃችሁን ዱቄት ከነካው በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ አልኮል ያለበትን ሳኒታይዘር አትጠቀሙ። ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልገውም።

«911 ከተደወለ ፖሊስ መጥቶ ያገኘውን ሁሉ ያስራል፤ ስደተኛውም ይባረራል።»

ይህ ሦስተኛው ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጋር የደባለቀው እሱን ነው። በቦታው ዕፅ ተገኝቶ ቢሆንስ? ለዚህም ከ2007 ጀምሮ፣ አሁንም ቀድማ ኒው ሜክሲኮ፣ ሌላ ዓይነት ሕግ ወጥቷል። ዲሲ በ2013 ሥራ ላይ አውላዋለች። የሜሪላንዱ 1-210 በኦክቶበር 2015 ተጠናክሮ፣ እርዳታ የጠራን ብቻ ሳይሆን የሰጠንና በመስጠቱ የተባበረንም ሰው ለግል መጠቀሚያ ዕፅ ከመያዝ ጋር በተያያዘ ከመታሰርም ከመከሰስም ይጠብቃል፤ ማስረጃው የተገኘው በዚያ እርዳታ ምክንያት ብቻ እስከሆነ ድረስ። ቨርጂኒያ በ2015 የጀመረችው በጠባቡ ነበር፤ ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚነሣ መከላከያ ብቻ ነበር። ከጁላይ 2020 ወዲህ ግን ከእስርም ከክስም ይጠብቃል። በ2021 ደግሞ ሌላ ሰው 911 ሲደውል ናሎክሶን የሰጠውን ወይም ደረት በመጫን የረዳውን ሰው ጨመሩበት።

የቨርጂኒያው 18.2-251.03 ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ጥሪው በዚያው ሰዓት መሆን አለበት። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ በቦታው ወይም ሰውየው በተወሰደበት ቦታ መቆየት ግድ ነው። ፖሊሱ ሲጠይቅ ማንነትን መናገርም ግድ ነው። መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ 911 ደውሎ፣ ሳይረን ሲሰማ በኋላ በር የወጣ ሰው ጥሩ ሠርቷል፤ የራሱን ጥበቃ ግን ጥሎት ሄዷል።

የማይጠበቀውንም እንናገር። ዕፅ መሸጥ፣ ሰክሮ መንዳት፣ አስቀድሞ የወጣ የእስር ማዘዣ፦ እነዚህን ሕጎቹ አይሰርዙም። የክፍለ ግዛት ሕግ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ባለሥልጣንም አያስርም። ስለዚህ ዜግነት የሌለውና በኪሱ የራሱ ዕፅ ያለ ሰው ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ እሱ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። ጽሑፉ የሚያስፈራራው ግን እሱን አይደለም። የሚያስፈራራው ሱቁ ውስጥ የወደቀ ደንበኛ ያገኘን ባለ ሱቅ ነው። ለዚህ ሰው እርዳታ መስጠቱ በራሱ ወንጀል አይደለም።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «የትኛውም አገር ሕግ እንግዳን እርዱ ብሎ አያስገድድም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለማያውቁት መንገደኛ አጠቃላይ ግዴታ አለመኖሩ ልክ ነው። «የትኛውም አገር» የሚለው ግን የራሳቸውንም አገር ይረሳል፦ የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ በሞት አፋፍ ያለን ሰው አውቆ የተወን ይቀጣል። እስራኤልም ከ1998 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት።

«ሲነቃ ይመታችኋል።»

አንዳንዱ ሲነቃ ይቆጣል፤ እውነት ነው። ናሎክሶን የሱስ መቋረጥን ሕመም በአንድ ጊዜ ያመጣል፦ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ መረበሽ። ይህ በአብዛኛው የሚከፋው መጠኑ ሲበዛና አየር ሳይሰጡ በመድኃኒቱ ብቻ ሲቀሰቅሱት ነው። በ2024 መጀመሪያ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፖሊሶች የሰጡትን ናሎክሶን መርምሮ የታተመ ጥናት 8 ሚሊ ግራም የሚረጨው ከ4 ሚሊ ግራሙ ይልቅ የበለጠ ሕይወት እንዳላተረፈ፣ ማስታወክንና የመቋረጥ ሕመምን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ትልቁን መጠን ማሳደድ አያስፈልግም፤ በሥርዓቱ መስጠት ይበቃል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲጠሩት አይመልስም፤ ትንፋሹ ቀርቷል ወይም በየረጅሙ ጊዜ አንዴ ይመጣል፤ ጉሮሮው እንደሚያንኮራፋ ወይም ውኃ እንደሚንቦጫረቅበት ይሰማል፤ የዓይኑ ብሌን መርፌ ጫፍ ያህል ጠብቧል። ከንፈሩ ይጠቁራል የሚለው ምልክት ለጥቁር ቆዳ አሳሳች ነው፤ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱንና የጥፍሩን ሥር ተመልከቱ፣ አመድ ይመስላል። በጨበጣችሁት እጅ አንጓ የደረቱን መሐል አጥንት አጥብቃችሁ እሹት። ካልነቃ 911 ደውላችሁ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አስቀምጡ። መጀመሪያ አድራሻውን፣ ቀጥሎ «አይተነፍስም» የሚለውን ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሐሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

እሽጉን ላጡ። አውራ ጣት ከሥር መግፊያው ላይ፣ ሁለት ጣት አፍንጫ ውስጥ በሚገባው የመርጫው ጫፍ ግራና ቀኝ። አትሞክሩት፤ በውስጡ ያለው አንድ መርጨት ብቻ ነው። አንገቱን ደግፋችሁ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ ጣቶቻችሁ አፍንጫውን እስኪነኩ አስገቡና እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ከዚያ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ገዳዩ የአየር እጦት ነውና። አገጩን አንሥታችሁ፣ አፍንጫውን ዘግታችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡ፤ የ911 ሠራተኛዋ ደረት መጫን አለባችሁ ካለች እሷን ስሙ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን መርጫ በሌላው አፍንጫ። መተንፈስ ሲጀምር ቢያስታውክ እንዳይታነቅ በጎኑ አስተኙት።

ሲነቃ ፊቱ ላይ አትደፉበት፤ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ በሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ኦቨርዶዝ አድርገህ ነበር፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው» በሉት። አትያዙት። «ደህና ነኝ» ብሎ ሊሄድ ሲል ግን ምክንያቱን ንገሩት፦ የናሎክሶን ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ የወሰደው ነገር ከዚያ በላይ ከቆየ መቀመጫውን መልሶ ይይዝና እንደገና ይተኛል። በዚያ መሐል ሌላ ዕፅ ከጨመረበት የባሰ ነው።

«ሕጉ ሱሰኛን ያበረታታል።»

የመቋረጥን ሕመም ያየ ሰው ናሎክሶንን የሚመኘው አይመስለንም። በአሜሪካ በኦቨርዶዝ የሚሞተው ሰው በ2022ና በ2023 በዓመት ከ100,000 በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 80,000 ገደማ ወርዷል። መውረዱን ሁሉ ለናሎክሶን አንሰጠውም፤ ግን መድኃኒቱ በየመደርደሪያው በተዘረጋበት ጊዜ ሞት መቀነሱን «ያበረታታል» ከሚለው ክስ ጋር ማስታረቅ የጸሐፊው ፈንታ ነው።

«መኪና ውስጥ የቆየ ናርካን መርዝ ይሆናል።»

መርዝ አይሆንም፤ ሊደክም ይችላል። የሚቀመጠው ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ይታገሣል። የጁላይ ፀሐይ የመታው የመኪና ኪስ ግን ከዚያም ያልፋል፤ ስለዚህ ሹፌር የሆነ ሰው ከስልኩ ጋር በቦርሳው ይዞት ይውረድ። በክረምት ደግሞ በረዶ ከሆነ አይረጭም፤ በክፍል ሙቀት 15 ደቂቃ ይቀልጣል፣ ሰው ወድቆ ግን 15 ደቂቃ የለም። እሽጉ ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ፤ ከ2024 ወዲህ የሚመረተው ናርካን የአራት ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። በእጃችሁ ያለው ቀኑ ያለፈበት ብቻ ከሆነ እሱኑ ስጡት፤ 911 እየደወላችሁ፣ ትንፋሽ እየሰጣችሁ።